ሦስተኛ ክፍል የምትገባ ልጄን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ላዛውራት ወይስ ይቅር?

የማርሲል አባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፤ በቅርብ የምታውቁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ልጄ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ናት። ከኬጂ ጀምሮ የምትማረው ግል ትምህርት ቤት ነው። ስሙ ይቆየኝ። ባለፈው ሳምንት የወላጅ ስብሰባ ተጠርተን ሄድን። ክፍያው እንደገና ሊጨምር ነው ተባልን። ሰው ጮኸ፣ ተቆጣ፣ አንዱ ወንበር ረግጦ ወጣ። በመጨረሻ ግን ሁሉም ፈርሞ ወደ ቤቱ። እኔም ፈረምኩ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው የወር ክፍያው፣ ምዝገባው፣ ሰርቪሱ፣ መጽሐፉና ዩኒፎርሙ ተደማምሮ የደመወዜን ግማሽ አለፈ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቁጥር ማሳመር ሥራዬ ነው፤ ይሄኛው ግን እንቢ አለኝ።

ከቤታችን በእግር አምስት ደቂቃ የማይሞላ ቦታ ላይ የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ። አጥሩ ታድሷል፣ ቀለም ተቀብቷል፣ ግቢው ንጹህ ነው። ቁርስና ምሳ አለ። ደብተርና ዩኒፎርምም በነፃ ነው። ባለቤቴ ግን «ሞቼ ነው ቆሜ» ብላለች።

ዝም ብላ አይደለም የምትፈራው። የ12ኛ ክፍልን ውጤት ሁላችንም ሰምተናል። በ2014 ያለፈው 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። በ2015 አንድም ልጅ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። ይሄን እያየሁ በገዛ እጄ ልጄን ልወስዳት ነው ወይ? ሌላው ደግሞ ቋንቋው ነው። አሁን ሒሳቡንም ሳይንሱንም የምትማረው በእንግሊዝኛ ነው። እዚያ እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አዲሱ ፖሊሲ፣ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሚባለው ነገር እውነት ክፍል ውስጥ ደርሷል? ትምህርት ቤቱን ሄጄ ልይ ብልስ ምኑን ልይ? ቀለሙን አይቼዋለሁ።


ዳኒ ጉለሌ፦

ወንድሜ ተወው። ከላይ እስከ ወረዳ ድረስ ልጁን መንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ባለሥልጣን አሳየኝ፤ እኔም ነገውኑ ልጄን አዛውራለሁ።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት በፕላዝማ ዘመን ነው። ቲቪው ውስጥ ያለው ሰውዬ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሰከንድ ይቆጥራል፣ ራሱ ይመልሳል። የእኛ መምህር ጥግ ቆሞ አብሮን ያያል። መብራት ሲጠፋ ክፍለ ጊዜው አለቀ። ያኔም «የትምህርት አብዮት» ነበር የተባለው። በየጊዜው አዲስ ነገር ይመጣል፣ የሚሞከረው ግን በድሃ ልጅ ላይ ነው። ግፋ ካለ ርካሽ ግል ፈልግ። ከዚያ ውጭ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።


ቲቸር አንደኛ ክፍል፦

የማርሲል አባት፣ ዳኒ ስለ ፕላዝማ ያለው ልክ ነው፤ ስንቱን ልጅ ነው አንገት ያስደፋው። ያንተ ጥያቄ ግን ስለ ሦስተኛ ክፍል ነውና የማውቀውን ላጫውትህ። የማስተምረው አዲስ አበባ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ነው የያዝኩት። የት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እንጀራዬ ነው።

መጀመሪያ የ12ኛውን ውጤት ለትንሽ ልጅ መለኪያ አታድርገው። በ2014 ተፈታኞቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ኩረጃው ተቆረጠ፣ የተሸፈነው ተገለጠ። ያ የአንድ ዓመት ጉድ አይደለም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ ውዝፍ ነው። የወደቀው ደግሞ የመንግሥት ተማሪ ብቻ አይደለም። ከግልም በገፍ ወድቋል፤ እሱን ግን የግል ትምህርት ቤት ማስታወቂያ ላይ አታገኘውም።

አዲሱ ነገር ደርሷል ወይ ላልከው፣ ከፊሉ ደርሷል። በ1986ቱ ፖሊሲ አደረጃጀቱ 8፣ 2፣ 2 ነበር (አንደኛ ደረጃ 8 ዓመት፣ ሁለተኛ ደረጃ 2፣ መሰናዶ 2)፤ አሁን 6፣ 2፣ 4 ሆኗል (አንደኛ ደረጃ 6፣ መካከለኛ 2፣ ሁለተኛ ደረጃ 4)። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ሁለት ዓመት በፖሊሲው ገብቷል። እኔ ጋ ለሚመጣ ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ እርሳስ መያዝን ከእኔ የሚጀምር ልጅ ቀንሷል። ግብረ ገብ መጥቷል፣ ሥዕልና ሙዚቃው መጥቷል። መጽሐፉም ተቀይሯል፤ ግን ከልጆቹ ዘግይቶ ነው የደረሰው። የመጀመሪያውን ዓመት የገፋነው በቴሌግራም በሚላክ ፒዲኤፍ ነው። ስልኬ ላይ ከፍቼ ሰሌዳ ላይ ስገለብጥ ወገቤ ይቆረጥ ነበር። ያ ትንሽ ተሻሽሏል።

በምገባው አልደራደርም። በፊት ጠዋት አራት ሰዓት አካባቢ ዴስክ ላይ ድፍት የሚል ራስ ነበር። «ምን ሆንክ?» ስትለው «ራሴን አሞኝ ነው ቲቸር» ይልሃል። ርቦኝ ነው አይልም፤ ሰባት ዓመት ሆኖትም ያፍራል። እኛም እናውቃለን። ዳቦ በቦርሳ ይዘን የምንመጣ መምህራን ነበርን፤ ለማን ሰጥተህ ለማን ትተዋለህ? በ2012 ከተማው ምገባውን ሲጀምር ያ ነገር በአንድ ወሰነ ትምህርት ጠፋ። የሚቀረውም ልጅ ቀነሰ። መጋቢ እናቶቹ ከንጋቱ ጀምረው እሳት ላይ ናቸው። ክፍያቸው ትንሽ ነው፤ ሥራቸው ግን ከብዙ ሥልጠና የበለጠ ለውጥ አምጥቷል። ሪፎርም ካላችሁ እኔ በዓይኔ ያየሁት ይሄን ነው።

ያልተለወጠውን ደግሞ ስማ። ክረምቱ አልቆ የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲወጣ ምን እንደሚባል ልንገርህ። «እሷ ጎበዝ ናት፣ ስድስተኛን ትያዝልን።» «እሱ ስምንተኛ ላይ ይጠቅመናል።» ከዚያ የተረፈው ይታያል። «እሷ ጡረታዋ ደርሷል፣ አንደኛ ክፍል ትረፍ።» «ከወሊድ መመለሷ ነው፣ አንደኛ ይቀላታል።» «አዲስ ተመዳቢ ነው፣ እስኪለምድ ሁለተኛ ይግባ።» ማንም በክፋት አይደለም። ወረዳ ላይ ርዕሰ መምህሩ የሚጠየቀው የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተና ስንት አሳለፍክ ተብሎ ነው። የአንደኛ ክፍል ልጅ አነበበ ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ጉልበት ሁሉ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ማጠናከሪያው፣ የቅዳሜው ትምህርት፣ ጎበዙ መምህር፣ ሁሉም ለፈተና ክፍል ነው። ለእኔ የዚህ አገር የትምህርት ችግር ከዚህ ይጀምራል። ፖሊሲው ስንቴ ቢቀየር ይሄን ድልድል ካልነካ እኔ ክፍል አልደረሰም።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ላሳይህ። ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ሀ ሁ ሂን ይዞ ይመጣል፤ ቤት ወይም ኬጂ አስይዘውታል። እየዘመረ ይወጣዋል። ወላጅም «ፊደል ጨርሷል» ይለኛል። እኔ ገበታው መሐል ገብቼ «ሩ»ን እጠቁማለሁ። ልጁ ዝም ይላል። ከዚያ ጣቱን «ረ» ላይ አድርጎ «ረ... ሩ!» ይለኛል። «ሮ»ን ስጠቁመው ከ«ረ» ተነሥቶ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አያውቀውም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃላዎቹ ሳይጨመሩ። ይሄን ሁሉ እየቆጠረ ቃል ሊያነብ አይችልም። «ወንበር» ላይ ሲደርስ «ወ»ን ረስቶታል።

ታዲያ ምን ያደርጋል? ገጹን ይሸመድዳል። መጽሐፉ የታላቁ ነበር፤ ምንባቡን ቤት ውስጥ ሰምቶታል። ተነሥ ስትለው መጽሐፉን ይዞ፣ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ሆኖ፣ ጥርት አድርጎ «ያነብልሃል»። ሱፐርቫይዘር ቢመጣ ያጨበጭብለታል። እኔ ግን ሥዕሉን በእጄ እሸፍንና ሦስተኛውን መስመር ብቻ አንብብልኝ እላለሁ። ያኔ ይለያል። ይሄ ልጅ ድሮ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል መውደቅ ስለሌለ በዚሁ አራተኛ ይደርስ ነበር። አራተኛ ላይ ሳይንሱም ሒሳቡም ንባብ ነው። ሰነፍ ይባላል። ሰነፍ አይደለም፣ አላነበበም።

የሚያስተካክለው ነገር ከባድ ቴክኖሎጂ አይደለም። ፊደሉን ከረድፉ አውጥቶ በድምፅ ማስተማር፣ ከዚያ በቃል ውስጥ ማሳየት። እኔ በካርቶን ቆርጬ ነው የምሠራው። «ባ» እና «ላ»ን አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጥ «ባላ»፣ ሳገላብጣቸው «ላባ»። ልጁ ሲስቅ ገብቶታል ማለት ነው። ሁለተኛው ነገር እያንዳንዱን ልጅ ለብቻ መስማት ነው። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ክፍሌ ውስጥ 55 ልጅ ካለ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ከሆነ፣ ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ አይደርሰውም። በየቀኑ ዐሥራ አንድ ልጅ ብቻ እየሰማሁ፣ ስማቸው ጎን ምልክት እያደረግሁ በሳምንት አዳርሳቸዋለሁ። ሌሎቹ እስከዚያ ይጽፋሉ፣ ይንጫጫሉ፣ እርሳስ ይሰራረቃሉ። ረዳት መምህር ቢኖረኝ ብዬ የማልመኝበት ቀን የለም።

አሁን ወደ አንተ። ምን ልይ ላልከው፣ መጀመሪያ ልጅህን እይ። ዛሬ ማታ ከማታውቀው ነገር ሁለት መስመር አማርኛ አስነብባት። ከመጽሐፏ አይሁን። የመድኃኒት ማሸጊያም ይሁን የጋዜጣ ቁራጭ፣ ያላየችው ይሁን። ከዚያ ያነበበችውን በራሷ አነጋገር ትንገርህ። እንግሊዝኛውንም እንደዚያው።

ከዚያ ትምህርት ቤቱን ሂድ፤ አሁን ትምህርት ሳይዘጋ። ቢሮ ቁጭ ብለህ ስለ ግንባታ አትስማ። ሦስተኛ ክፍልን የሚያስተምረው ማን እንደሆነ፣ ስንት ዓመት እዚያው ክፍል ላይ እንደቆየ ጠይቅ። ከሰፈርህ እዚያ የሚማር ልጅ አይጠፋም፤ ደብተሩን ለምነህ ግለጥ። ቀይ እስክሪብቶ አለበት? «ታይቷል» ብሎ መፈረም ብቻ ነው ወይስ የተሳሳተው ቃል ተስተካክሏል? መጽሐፍ ቤት ድረስ ይሰጣል ወይስ መደርደሪያ ላይ ነው? ቤተ መጻሕፍቱ በትምህርት ሰዓት ክፍት ነው? እነዚህ ጥሩ ከሆኑ አጥሩ ባይቀባም አስገባት።


የቀድሞ ሱፐርቫይዘር፦

መምህርት፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በክላስተር ሱፐርቫይዘርነት ሠርቻለሁ። አንቺ ያልሽው ዓይነት ንባብ ላይ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባን አይቶ ስለ አገሩ ትምህርት ማውራት አይቻልም። እኔ በነበርኩበት ወረዳ ዳስ ውስጥ የሚማሩ ልጆች ነበሩ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ኢንስፔክሽን መጥቶ ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት ይለናል። በአራት ደረጃ ነው የሚመዘነው። ደረጃ ሦስትና አራት የደረሰውን በጣት ትቆጥረዋለህ። ለኢንስፔክሽኑ ግን ፋይሉ ሙሉ ነበር። ዕቅዱ፣ ቃለ ጉባዔው፣ የአንድ ለአምስቱ ስም ዝርዝር፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ማኅተም፣ ሁሉም በየአቃፊው ተሰድሯል። ልጁ ያነባል ወይ የሚል አቃፊ ግን አልነበረንም።

በ2002 በተደረገው የንባብ ምዘና ሁለተኛ ክፍል ከደረሱት ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ሰው ሁሉ ደነገጠ። ከዚያ በሰባት ቋንቋ የአፍ መፍቻ መጽሐፍ ተዘጋጀ፣ መምህራን በድምፅና በቃል ማስተማርን ሠለጠኑ። ጥሩ ነበር፣ አይቼዋለሁ። ግን በእርዳታ ገንዘብ የሚሄድ ነገር ነው። የሠለጠነችው መምህርት በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ ክፍል ተመደበች። መመሪያው መጽሐፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ። ቁልፉ የምክትሉ ነው።

ዳኒ፣ «በየጊዜው አዲስ ነገር» ያልከውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በ1966 ሴክተር ሪቪው የሚባለው የንጉሡ መንግሥት የትምህርት ጥናት በመጣ ጊዜ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ጥናቱ ለብዙኃኑ የአራት ዓመት ትምህርት ይበቃል የሚል ነገር ነበረበት። የድሃ ልጅ ከአራተኛ እንዳያልፍ ሊደረግ ነው ተባለ። መምህራኑ በየካቲት ሥራ አቆሙ፣ ወላጁም ተነሣ፣ ነገሩ ከሌላው ብሶት ጋር ተቀላቅሎ መንግሥት አናወጠ። ዛሬ ማንም አራተኛ ላይ ይቁሙ አላለም። ግን ሳያነብ አራተኛ የገባውን ልጅ አሳልፈነዋል ማለት ይከብደኛል።

አሁን ያለው ሁኔታ ደግሞ ይባስ ብሏል። አማራ ክልል ውስጥ በጦርነቱ ምክንያት ከትምህርት ውጭ የሆነው ልጅ በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው። ትግራይም ልጆች በኮቪድና በጦርነት ምክንያት የትምህርት ዓመታት አጥተዋል። ወር ቆጥሮ ደመወዝ ያልደረሰው መምህር አለ። እነሱ ጋ ቀለምና ሥርዓተ ትምህርት ገና ወሬ ነው። ወንድሜ፣ ምርጫ ያለህ በመሆንህ አመስግን ልልህ አይደለም፤ ነገሩ ሲወራ እነሱም ይታሰቡ ብዬ ነው።


ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እዚህ አሜሪካ ሰሞኑን ስለ ሚሲሲፒ ብዙ ይወራል። ከድሃ ስቴቶች አንዷ ናት። በአገር አቀፉ የአራተኛ ክፍል ንባብ ምዘና በ2013 እ.ኤ.አ. 49ኛ ነበረች፤ በ2024 9ኛ ደረሰች። ሕግ አወጡና ሦስተኛ ክፍል ላይ ማንበብ ያልቻለውን ልጅ ክፍል ያስደግሙታል። ኢትዮጵያም ይሄን ብታደርግስ? ማንም አይወድቅም የሚለው ነው ያበላሸን።


ቲቸር አንደኛ ክፍል፦

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥሩ ነገር አነሣህ/ሽ፤ ስለ እሱ አንብቤያለሁ። ግን መድገሙ መጨረሻ ላይ ያለው ነገር ነው። ከዚያ በፊት መምህራኑን በንባብ አሠልጥነዋል፣ ደካማ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ክፍል ገብቶ ከመምህሯ ጋር የሚሠራ አሠልጣኝ መድበዋል፣ ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በዓመት ደጋግመው ፈትነው ወላጁን ቀድመው ነግረዋል። እኛ እኮ ከውጭ ስናመጣ ርካሹን ቁራጭ ነው የምናመጣው። አሠልጣኙን ትተን መድገሙን ብቻ ከወሰድን ያው 55 ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ፣ ያንኑ ልጅ፣ በዚያው ዜማ አንድ ዓመት ደግመን እናዘምረዋለን። የሚደግመው ደግሞ የማን ልጅ እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

ጋሼ ሱፐርቫይዘር፣ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ አሳቀኝም አናደደኝም። ያ የመምህር መምሪያ እኔ ጋ አሁንም አለ። ጥግ ጥጉ ተበልቷል፤ እጠቀምበታለሁ።


ዳኒ ጉለሌ፦

ቲቸር፣ ለሌሎቹ መልስ አለኝ፣ ላንቺ ግን የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ያንቺ ልጆች የት ነው የተማሩት?


ቲቸር አንደኛ ክፍል፦

ሁለቱም መንግሥት ትምህርት ቤት። ትልቋ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ትንሹ ሬሜዲያል ነው (የ12ኛ ማለፊያ ያላመጡ የሚወስዱት የማካካሻ ትምህርት)፣ እየታገለ ነው። አንዱን ብቻ ልነግርህ እችል ነበር።


የማርሲል አባት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህርት፣ ያሉኝን አደረግሁ፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ማታ ባለቤቴ ፊት የሳል ሽሮፕ ካርቶን ሰጠኋት። አማርኛው ላይ «ከሕፃናት እይታ እና ተደራሽነት ያርቁ» ይላል። «ከሕፃናት» አለችና ቆመች። «ተደራሽነት»ን ቆራርጣ ጨረሰችው፤ ትርጉሙን ግን አልጠበቅሁም፣ ለትልቅም ይከብዳል። ሌላ ቀላል ሰጠኋት፤ ቀስ ብላ ነው፣ ግን አነበበች፣ ነገረችኝም። እንግሊዝኛውን ስሰጣት እንደ ዜና አንባቢ ወረደችው። ባለቤቴ ኮራች። «ምን ማለት ነው?» ስላት ሣቀች። አንዱን ቃል እንኳ አልያዘችም። የሳይንስ መጽሐፏን አምጥቼ «ሩትስ ምን ይሠራሉ?» አልኳት። መልሱን በእንግሊዝኛ ከነነጥቡ ነገረችኝ። «ሩት ምንድን ነው?» ስላት «እንጃ፣ ፈተና ላይ ይመጣል» አለችኝ። ባለቤቴ ዝም አለች። ይሄን ለመስማት ነው ለካ ደመወዜን የምገብረው።

ትምህርት ቤቱንም ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ምክትሏ ተቀበሉኝ። መጀመሪያ አዲሱን ሕንፃ ሊያሳዩኝ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ማን ነው የሚያስተምረው ስላቸው ትንሽ ገረማቸው። አንዷ መምህርት እዚያው ክፍል ላይ ስድስት ዓመት ቆይተዋል። ሌላኛው ዘንድሮ ነው የመጣው። በሴክሽን ሃምሳ ምናምን ልጅ አለ። ቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፎ ነበር፤ «ባለሙያዋ ፈቃድ ላይ ናት» አሉኝ። የጎረቤታችን ልጅ ሁለተኛ ክፍል እዚያ ነው የሚማረው፤ ደብተሩን ገለጥኩ። አማርኛው ላይ ቀይ እስክሪብቶ አለ፣ ስህተቱ ተስተካክሏል፣ ጎን ላይ «ደግመህ ጻፍ» የሚል አለ። ሒሳቡ ላይ ግን ወር ሙሉ «ታይቷል» ብቻ ነው።

ባለቤቴ ገና አልወሰነችም። «እንግሊዝኛዋ ይጠፋባታል» የሚለው ላይ ናት። እኔ ወደ ማዛወሩ እያደላሁ ነው። የቤተ መጻሕፍቱና የሒሳቡ ነገር ግን ከነከነኝ።


ቲቸር አንደኛ ክፍል፦

ደብተሩን በማየትህ ደስ ብሎኛል። ከምክትሏ ይልቅ ደብተሩ ነው እውነቱን የሚናገረው። ሒሳቡ ላይ የምትለው የብዙ ቤት ችግር ነው። 55 ደብተር በየቀኑ ማረም ቀላል አይደለም፤ ግን ወር ሙሉ «ታይቷል» ሰበብ የለውም። በመስከረም ቀስ ብለህ አንሣው። መምህሩን ሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው።

ለባለቤትህ ደግሞ ይሄን በላት። እንግሊዝኛ በመንግሥትም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ሰባተኛ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። ያኔ የሚቸገረው በአንዱም ቋንቋ ገብቶት የማያነብ ልጅ ነው። አሁን ያላትን እንዳታጣ ቤት ውስጥ ማታ ማታ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አንብባ በአማርኛ ትንገራችሁ። ከምትቆጥቡት ላይ ለዚህ የተረት መጽሐፍ ግዙላት፤ ሜክሲኮም ለገሀርም አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ አይጠፋም። ሒሳብና ሳይንስ በአማርኛ ሲመጣባት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ትደናገራለች። «ሲደመር»፣ «ሲባዛ»፣ «ክፍልፋይ» የሚሉትን ክረምት ላይ ቤት አለማምዷት፤ ያ ከሆነ ትይዘዋለች።

የወላጅ ኅብረቱ ውስጥም ግባ። ገብተህ ስለ ግንባታ መዋጮ ብቻ እንዳታወራ። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያዋ ስትቀር ማን እንደሚከፍተው ጠይቅ። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንክ ወደ ኦዲቱ ሊስቡህ ይሞክራሉ፤ እሱንም እሺ በል። ግን ነሐሴ ላይ ድልድል ሲወጣ ሦስተኛን ማን እንደያዘ ደውለህ አረጋግጥ፤ ስድስት ዓመት የቆዩት መምህርት ወደ ስድስተኛ እንዳይወሰዱ የሚጠይቅ ወላጅ ካለ ርዕሰ መምህሩም ሁለቴ ያስባል።

ምዝገባውን አታዘግየው፤ የቅርብ ሰፈር ልጆች ቀድመው ይሞላሉ። የልደት ሰርተፊኬቷን፣ የሁለተኛ ክፍል ካርዷን፣ የነዋሪነት መታወቂያህን ያዝ። ከግሉ ትምህርት ቤት መልቀቂያ ሳይዘጉ በሰኔ ተቀበል። ያልከፈልከው ክፍያ አለ ብለው ሊያጉላሉህ ስለሚችሉ የባንክ ስሊፖችህን አትጣል።